ላፕቶፕሽ አላረጀም፤ እየጠበቀ ነው

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔን ከገዛሁት ሰባት ዓመት ሆነው። ኮር አይ5 8250ዩ ነው፤ ራሙ 4 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራባይት። አሁን ለመነሳት ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ብሮውዘር ስከፍት ስታክ ያደርጋል። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ፋኑም ያለማቋረጥ ይጮኻል። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፤ ለሁለት ሳምንት ይሻለውና ይመለስበታል። ጓደኛዬ ማጽጃ ፕሮግራም ጫኚበት አለችኝ። ጌም የሚጫወትበት ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ‹ጣይውና አዲስ ግዢ› ይላል። የልጆቼ ፎቶዎች በሙሉ እዚያው ላይ ናቸው። ምን ይሻለኛል?»

ሰላም እህቴ፣

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንቺ ግን ምንም አልደበቅሽም። ብዙ ሰው «ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ሆነብኝ» ብሎ ብቻ ነው የሚጽፈው። አንቺ የፕሮሰሰሩን ቁጥር፣ የራሙን መጠን፣ ታስክ ማናጀር ላይ ያየሽውን ሁሉ ነግረሽኛል። ስለዚህ እኔም ሳልዞር ልንገርሽ። ላፕቶፑን አትጣይው። ማጽጃ ፕሮግራምም አትጫኚ። ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ቀይሪ፣ ራም ጨምሪ፣ ውስጡን አስጠርጊ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፎቶዎቹን ገልብጪ።

ከፎቶዎቹ ልጀምር። ከጻፍሽው ሁሉ ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ነው።

የልጆችሽ ፎቶዎች ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ሰባት ዓመት የሠራ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ፣ ያ ዲስክ ደግሞ 100 ፐርሰንት ላይ እየተንገታገተ ከሆነ፣ የፍጥነቱ ጉዳይ ይቆይ። ዛሬ ኤክስተርናል ዲስክ ወይም በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ ፈልጊና ገልብጪ። ከገለበጥሽ በኋላ ጥቂቶቹን ከፍተሽ እዪ። ፋይሉ ስሙ ተገልብጦ ፎቶው ግን የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ከተቻለ ሁለተኛ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ወይም ሌላ ቤት ያለ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ባክአፕ የሚባለው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ሲቀመጥ ነው። እዚያው ዲስክ ውስጥ ሌላ ፎልደር ከፍቶ መገልበጥ ባክአፕ አይደለም። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ምክንያት አለኝ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ላፕቶፕ ይዘው መጡ። «ዘገየብኝ፤ ፎርማት አድርግልኝ፤ ግን ፎቶዎቹን አትርፍልኝ» አሉ። ዲስኩን ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጠው በየተወሰነ ሰከንዱ ቀጭ... ቀጭ... ይላል። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ አልገባኝም ነበር። በመገልበጥ ፈንታ ዲስኩን የሚጠግን ፍተሻ አስጀምሬ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ስመጣ ዲስኩ ጨርሶ አይታይም። የሞተች ሚስታቸው ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። የታመመ ዲስክ የቀረውን ጉልበት ፋይል ለማውጣት ብቻ ነው መጠቀም ያለበት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ፎርማት አድርግልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የዲስኩን ጤና ሳላይ እጄን አላነሳም። ያንቺን ሁለት ጊዜ ፎርማት ያደረገው ሰው ዲስኩን አይቶት እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።

የዲስክ ጤና ማየት ከባድ አይደለም። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ስትከፍቺው ዲስኩ ስለ ራሱ የያዘውን መዝገብ ያሳይሻል። ከሚደረደሩት መስመሮች ሁለቱን ፈልጊ። 05 የሚለው፣ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 የሚለው፣ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ገና ፍርድ ያልሰጠባቸውን ቦታዎች ይቆጥራል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ጥሩ ነው። ከዜሮ ከበለጡ፣ በተለይ በየቀኑ ከጨመሩ፣ ዲስኩ እየሄደ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ በቢጫና በቀይ ቀለም ያስጠነቅቅሻል። ቁጥሮቹን ግን በዓይንሽ ብታያቸው እመርጣለሁ።

አሁን ወደ መዝገየቱ።

ኮምፒውተር ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ደክሞ አይደለም። የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ በጨለማ እንደ መርገጥ ነው። ያንቺ 8250ዩ በ2017 የወጣ ፕሮሰሰር ነው። 4 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉ አራት ክፍሎች፣ አለው። ከሱ በፊት የነበረው ትውልድ፣ ለቀጫጭን ላፕቶፖች የተሠራው ኮር አይ5፣ 2 ኮር ብቻ ነበረው። ስለዚህ ያንቺ ላፕቶፕ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ የተራመደ ነው። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይል፣ ለቪዲዮ፣ ለኦንላይን ስብሰባ ዛሬም ይበቃል። ላፕቶፑ ሲነሳ ያንን አምስት ደቂቃ ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ብታዪ፣ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) የሚለው ዝቅ ብሎ ዲስኩ ብቻ 100 ላይ ተሰቅሎ ታገኚዋለሽ። ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ዕቃ አቀባዩ አልደረሰለትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ዲስክ 100 ፐርሰንት ማለት ዲስኩ ሞልቷል ማለት አይደለም። ፋታ አጥቷል ማለት ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ነክተሽ ዲስኩን ምረጪ። ከታች በሰከንድ ስንት እንደሚያነብ ይጽፋል። 100 ፐርሰንት እየተባለ የንባቡ ፍጥነት በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ስትገለብጪበት በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ታዲያ አሁን ምን ነካው?

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በላዩ ወዲያና ወዲህ የሚል ክንድ አለ። የላፕቶፕ 1 ቴራባይት ዲስኮች አብዛኞቹ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ። አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ክንዱ የሚፈልገው ቦታ እስኪደርስ፣ ከዚያ ሳህኑ ዞሮ ፋይሉን ከሥሩ እስኪያመጣለት፣ በአማካይ 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል። ተበታትነው ለተቀመጡ 1,000 ንባቦች 15 ሰከንድ ይፈልጋል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለም። ለአንዱ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ያንኑ 1,000 ንባብ በ0.1 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ የቀየረ ሰው «አዲስ ኮምፒውተር የገዛሁ መሰለኝ» ሲል ማጋነኑ አይደለም።

ፎርማት ለሁለት ሳምንት ብቻ ያሻለሽም በዚሁ ምክንያት ነው። ከፎርማት በኋላ ዲስኩ የሚጠየቀው ትንሽ ነው። ከዚያ አፕዴት ይመጣል፣ ፕሮግራሞችሽ ይጫናሉ፣ ግማሾቹ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው ይነሳሉ። ጥያቄው ሲበዛ ያው ዲስክ ያው ክንድ ነው። እንደገና ይሰለፋሉ።

ሁለተኛው ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ የከፈትሽውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ። በ4 ጂቢ ዊንዶውስ ራሱ ግማሹን አካባቢ ይይዛል። በቀረው ላይ ብሮውዘር ትከፍቻለሽ፤ እሱ ደግሞ ለደህንነት ሲል ታቦችን ለየብቻ ነው የሚያስኬዳቸው። ቦታ ሲጠብ ዊንዶውስ ለጊዜው የማያስፈልገውን ከራም አውጥቶ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ስትፈልጊው መልሶ ያነሳል። የሚያስቀምጠው እዚያው በተጨናነቀው ሃርድ ዲስክሽ ላይ ነው። ስለዚህ የራም እጥረቱም ዞሮ ዞሮ በዲስኩ ላይ ይጫናል። ከአንዱ ታብ ወደ ሌላው ስትሄጂ ነጭ ገጽ የምታዪው ለዚህ ነው።

8 ጂቢ አድርጊው። ከመግዛትሽ በፊት ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቺ። ስንት የራም ቦታ እንዳለውና ስንቱ እንደተያዘ ይነግርሻል። ከሁለት አንዱ ብቻ ከተያዘ አንድ ተጨማሪ 4 ጂቢ ማስገባት ነው። ከ8250ዩ ጋር የሚመጣው ራም በአብዛኛው ዲዲአር4 ነው፤ ግን የወጣውን ራም ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ይሻላል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እንዲያ ከሆነ ኤስኤስዲውን ብቻ ቀይረሽ እዪ። እሱ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ስለ ኤስኤስዲው ሁለት ነገር ልበል። የሃርድ ዲስኩ ቦታ ላይ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ኤም2 የሚባለው እንደ ማስቲካ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ቀጥታ ይሰካል። ኤም2 ቅርጹ ነው፤ ቅርጹን አይተሽ ብቻ አትግዢ። ሳታና ኤንቪኤምኢ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ በውስጡ ሳታ የሆነም ኤንቪኤምኢ የሆነም አለ፤ የላፕቶፕሽ መሰኪያ የትኛውን እንደሚቀበል አረጋግጪ። ኤንቪኤምኢ በወረቀት ላይ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ስትሸጋገሪ የሚሰማሽን ያህል፣ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ስትሸጋገሪ አይሰማሽም። ሁለተኛው፣ ከልክ በላይ የረከሰ ኤስኤስዲ ሲያጋጥምሽ ተጠራጠሪ። 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ ውስጡ ጥቂት ጂቢ ብቻ ያለው አለ። ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፤ ሞልቶ ካለፈ በኋላ የምትጽፊበት ሁሉ ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይፈትነዋል። ፎቶ ከማስቀመጥሽ በፊት አንድ ጊዜ አስፈትኚው።

ዊንዶውሱን ከአሮጌው ዲስክ እንዳለ መገልበጥ ይቻላል። እኔ ግን ላንቺ አዲስ መጫኑን እመርጣለሁ። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ይዘሽ አትግቢ። ዊንዶውሱ ሕጋዊ ከሆነና በዲጂታል ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ ስትቀይሪ አይጠፋም፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያስታውሳል። አሮጌውን ዲስክ ግን ወዲያው አትደምስሺው። ለጥቂት ወራት አስቀምጪው። «አንድ ፋይል ረሳሁ» የምትዪበት ቀን አይቀርም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆንሽ ይህን አጋጣሚ ተጠቀሚበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ደግነቱ ያንቺ 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው የኢንቴል ትውልዶች የመጀመሪያው ነው። 7ኛ ትውልድ ቢሆን ኖሮ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በሩ ይዘጋብሽ ነበር። ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቅሻል፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ አለ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው የሚፈልገው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጂቢ ራም ይበቃኛል ይላል። ይነሳል እንጂ በ4 ጂቢ ሥራ አይሠራበትም።

ፋኑ የሚጮኸው ስለሞቀ ነው። ሰባት ዓመት ተከፍቶ የማያውቅ ላፕቶፕ ውስጡ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። የታችኛውን ክዳን ብሎኖች በትንሿ ካቻቢቴ ትፈቺያለሽ። ፋኑ ላይ ላላ ያለ አቧራ ታያለሽ፤ ያ ምንም አይደለም። የፋኑን መሸፈኛ ስታነሺ ግን፣ በፋኑና በቀጫጭኖቹ የብረት ክንፎች መካከል አንድ ግራጫ ነገር ተጋድሞ ታገኚያለሽ። በወረንጦ ጫፉን ይዘሽ ስትስቢው እንደ ቁራጭ ብርድ ልብስ አንድ ላይ ተነቅሎ ይወጣል። ከኋላው ክንፎቹ አዲስ እንደመጡ ያበራሉ። አየሩ ለዓመታት ይወጣ የነበረው በዚያ ብርድ ልብስ በኩል ነው። ያንቺ ፕሮሰሰር ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። በደህና ጊዜ እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ የሚሮጠው ከ2 በታች ወርዶ ያዘግማል።

ስታስጠርጊ ፋኑን በጣት ወይም በስንጥር ያዙት። አየር ሲነፋበት በነፃ ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ሊጎዳ ይችላል። የቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽንም አይጠጋው፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል። በዚያው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ይቀየር፤ በሰባት ዓመት ደርቆ ሊሆን ይችላል። የባትሪ ገመዱ ከሁሉ በፊት ይነቀል። አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ ጎኑን ተመልከቺው። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው ተነፍቶ ሊሆን ይችላል። የተነፋ ባትሪ አይጨመቅም፣ አይወጋም፣ ቻርጅ አይደረግም። ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን አስወጪ። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጠቀምም ይቅር፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከሆዱ ሥር ነው።

የጓደኛሽ ምክር ከቅን ልብ እንደመጣ አልጠራጠርም። ማጽጃ ፕሮግራሞች ግን ያንቺን ችግር አይነኩትም። ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ማጽዳት ዲስኩን አያፈጥነውም፤ ማይክሮሶፍትም እነዚህን ፕሮግራሞች እንደማይደግፍ በግልጽ ጽፏል። በ2017 ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ማጽጃ 5.33 ዕትሙ ላይ ሰርጎ ገቦች ጎጂ ኮድ ከተውበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል። ሰዉ ያወረደው ከራሱ ከድርጅቱ ነበር። የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች አብረው እንዳይነሱ ታስክ ማናጀር ላይ ስታርትአፕ በሚለው ሥር አጥፊያቸው። ሁለት አንቲቫይረስ ካለሽ አንዱን አንሺ። ዊንዶውስ ዲፌንደር ለቤት ተጠቃሚ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ስትዪ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፋስት ስታርትአፕ በሚባለው ዘዴ የዊንዶውሱን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያድራል፤ ጠዋት ያንኑ ያነሳል። የትናንቱ ችግር አብሮት ይነሳል። ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩን ስትከፍቺ «አፕ ታይም» የሚለውን እዪ። ማታ ማታ እያጠፋሽው 20 ቀን ሊል ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ «ሪስታርት» በዪው። ያኔ ከዜሮ ይጀምራል።

ወንድሜስ ብትዪኝ፣ እሱም ግማሽ እውነት አለው። ኤስኤስዲ ጌሙ ሲከፈት ያለውን ጥበቃ ያሳጥርለታል እንጂ ጌሙ ሲሄድ መቆራረጡን (ላጉን) አያጠፋለትም። ምስሉን የሚሥለው ዩኤችዲ 620 ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ግራፊክስ ነው፤ በላፕቶፕ ላይ አይቀየርም። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው። ለዚህ ነው አንድ ባለ 8 ጂቢ ራም ከማስገባት ሁለት ባለ 4 ጂቢ ማስገባት የሚሻለው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል፤ ይህንን ጌም ላይ በዓይን ታዪዋለሽ። ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ ደግሞ ጌሙን በ1280 በ720 ያስኪደው። የሚሣሉት ነጥቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳሉ። ከግማሽ በላይ ሸክም አወረደለት ማለት ነው። ቀለል ያሉና ቆየት ያሉ ጌሞች ደህና ይሄዱለታል። አዲስ የወጡትን ከባድ ጌሞች ከፈለገ ግን ይህ ላፕቶፕ አይችልለትም፤ በምንም ጥገና። ያ የሱ ፍላጎት ነው። ያንቺን ላፕቶፕ ለማስጣል ምክንያት አይሆንም።

አዲስ ግዢ የምልሽ ማዘርቦርዱ ቢበላሽ፣ ወይም ማጠፊያው ተሰብሮ ስክሪኑን ይዞት ቢሄድ፣ ወይም ሥራሽ ተቀይሮ ከባድ የቪዲዮ ቅንብር ውስጥ ብትገቢ ነው። ሳትጽፊልኝ ቀርተሽ ካልሆነ በቀር ከነዚህ አንዱም ያለ አይመስለኝም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ዛሬ ፎቶዎቹን ገልብጪ፤ አሥሩን ያህል ከፍተሽ እዪ። ከዚያ ክሪስታልዲስክኢንፎን ከፍተሽ የ05ን እና የሲ5ን ቁጥር ጻፊልኝ። ራም ስንት ቦታ እንዳለውም ጨምሪበት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ምንም ፍተሻ አታስጀምሪ፤ ፎቶ ገልብጠሽ እንደጨረስሽ አጥፊው፤ መልሴ እስኪደርስሽም አታብሪው።